ማክሰኞ የሞተው ሳጥን

ተንደር ቤይ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 2023

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለቬንላ ካንጋስ፤
ሉሌዎ፣ ስዊድን።

በሩቅም በቅርብም ለሚገኙ የካንጋስ ቤተሰብ አባላት በሙሉ፦ በደረጃው ሥር ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከማርማላታው ብልቃጦች ጎን ተቀምጦ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይታክት ሲያንጎራጉር የኖረው የመረጃ ማከማቻ ሳጥናችን፣ ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ በድንገት ማረፉን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ሟቹ ትሑት፣ ታማኝና አቧራ ወዳድ ነበር። ማርማላታው ምንም አልሆነም። ቀብሩ ዛሬ ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ሲመጣ ሊፈጸም ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤቴ ዶሪን "የኤሌክትሪክ ዕቃ ከድንች ልጣጭ ጋር አይጣልም፤ ተቀጥተህ እኔንም ታስቀጣኛለህ" ብላ ስለከለከለች ሬሳው ለጊዜው እዚያው ማርማላታው አጠገብ ይቆያል።

አሁን እንደ ሰው ሰላም ልበልሽ። እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ለሰማንያ ሦስት ዓመት ሽማግሌ የሚገባኝን ያህል ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጥርሴ የራሴ ነው፤ ከፍዬበታለሁ።

ቀልዱን ልተወውና፣ ሳጥኑ በሆዱ የያዛቸውን ሁለት ዲስኮች ይዞ ነው የሄደው። ምን እንደነበረባቸው አንቺ ታውቂያለሽ። ሌላ ሰው የስልክ መልእክት መቅጃው ካሴት ሲሞላበት በላዩ ላይ ይቀዳበታል። እኔ ግን አርባ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝና የሰው ድምፅ መደምሰስ እጄ እምቢ አለኝ። ከ1988 ጀምሮ አዲስ ካሴት እየገዛሁ አሮጌውን አስቀመጥኩ። ሙሞሽ፣ አያትሽ ሄልሚ፣ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት በየቀኑ እየደወለች "አርቮ፣ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ነው፤ ከፖስተኛው ጋር የጀመርከውን ወሬ ጨርስና አውጣው" ያለችው ሁሉ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ መልእክት፤ ሁሉንም ከካሴቶቹ ወደ ሳጥኑ ገልብጫቸው ነበር። ካሴቶቹ ምድር ቤቱ ውሃ የገባበት ዓመት እንደተበላሹ ታስታውሻለሽ። እንግዲህ የቀረው ባለፈው ሴፕቴምበር ወደ አንድ ትርፍ ዲስክ የገለበጥኩት ብቻ ነው። ዲስኩ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከሾርባ ማንኪያዎቹ ጋር ተኝቷል። ሄልሚ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፤ በስልኩ መቅጃ ላይ ካስቀመጠችው ሰላምታ በቀር ድምፅዋ በዓለም ላይ ያለው እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ዶሪን የሟች ባሏን የቢሮ ኮምፒውተር ሰጥታኛለች። ከእሱ አዲስ ማከማቻ እሠራለሁ። አንድ አዲስ ዲስክም ገዝቻለሁ። የጎደለኝ ማሽኑን ቀስቅሶ ሥራ የሚያስይዘው ስርዓተ ክወና ነው። ዓይነቱ ደግሞ በዝቷል፤ እያንዳንዱም ሌሎቹን ያንቋሽሻል። አንቺ ቀኑን ሙሉ የሰው ማኅደር የሚጠብቁ ማሽኖች መካከል እየተንጎራደድሽ ደመወዝ የምትበዪ ነሽ፤ የትኛውን ልምረጥ?

መልካሙን ሁሉ ይግጠምሽ። ካገባሽ ደግሞ ለማሽን እንዳይሆን።

አያትሽ አርቮ


ሉሌዎ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2023

ለተከበሩ አያቴ፣ ለኡኪ አርቮ፤

ከእግር እስከ ራስ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ክረምቱን በጤና፣ ምድጃውን በእሳት ያቆይልዎ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ፀሐይዋ ብቅ ብላ ሳንነጋገር ትገባለች።

በሳጥኑ ሞት አዝኛለሁ። የሐዘን መግለጫውን ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜ አንብቤላቸው አንዷ እያለቀሰች ሳቀች።

ስለ ምርጫው ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር በእግዚአብሔር ስም እለምንዎታለሁ። የትኛውም ስርዓት ሲጫን "ዲስኩን ላዘጋጅ?" ብሎ ይጠይቃል። ማዘጋጀት ማለት ማጥፋት ማለት ነው። ያ መሳቢያ ውስጥ ያለው ዲስክ አጠገቡ እንዳይደርስ። ሁለት አዲስ ዲስኮች ይኑርዎት፤ የመሳቢያው ዲስክ መሳቢያው ውስጥ ይቆይ። አንድ ዲስክ ከገዙ አንድ ይጨምሩ።

ምክሬ ጥብቁን፣ ነፃውን፣ እኛም እዚህ የምንጠቀምበትን እንዲጭኑ ነው። የጻፈውን ሁሉ መልሶ እያነበበ ያረጋግጣል። በይለፍ ቃልም ይቆለፋል።

ኡኪ፣ ዶሪን መኪና መንዳት እንደተዉ ጻፈችልኝ። እውነት ነው? ስልክም ስደውል አይነሳም። በወር ሁለቴ እደውላለሁ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ የሙሞ ድምፅ "ቤት ውስጥ የለንም፤ ከድምፁ በኋላ ተናገሩ" ይላል። እዘጋዋለሁ። እባክዎ ያንሱ።

ልጅዎ ቬንላ


ተንደር ቤይ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2023

ለቬንላ፤ ለሩቋ ሹም፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በረከቱን ተቀብዬዋለሁ፤ ቁጣውን ለዶሪን አስተላልፌያለሁ። መኪናውን በተመለከተ፣ ቁልፉን ለዶሪን የሰጠሁት ለከተማው ሕዝብ ባለኝ አዘኔታ ነው። አሁን እሷ ትነዳለች፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እፈራለሁ። ከዚያ ውጪ ምንም የለም። የሚገርመኝ የዘንድሮ ኩባንያዎች ስስት ብቻ ነው፤ ስክሪን ላይ የሚጽፉት ፊደል በየወሩ ያንሳል።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ሦስት ስርዓቶችን በሦስት ፍላሽ ላይ አድርጌ በዶሪን ኮምፒውተር ሞከርኳቸው። የመሳቢያውን ዲስክ አላሳየኋቸውም፤ አትደንግጪ። ስም አውጥቼላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ያንቺው ጥብቁ ነው፤ ስሙ ቄሱ። ገና ዓይኑን ሳይከፍት መጠየቅ ጀመረ። የማሽንህ የማስታወስ አቅም ስንት ነው? ዲስኮችህ እኩያ ናቸው? ለምን ይኼን ያህል አሮጌ ማሽን አመጣህ? ሦስት ጊዜ ተናዘዝኩለት፤ ከዚያም የይለፍ ቃልህ አጭር ነው ብሎ መለሰኝ።

ሁለተኛው ባለ ሆቴሉ ነው። ክፍያ ይቀበላል፤ ከከፈልሽው ግን ትልቅ ዲስክ፣ ትንሽ ዲስክ፣ አንካሳ ዲስክ ሳይል ሁሉንም አልጋ ይሰጠዋል። በጣም ፈገግተኛ ነው። ዶሪን ወደደችው። "ይኼ ይሻላል፤ ሰው አይንቅም" አለች።

"ፈገግታውን በየዓመቱ ያሳድሳል" አልኳት።

"ታዲያ አንተ ፈገግታህ በነፃ ነው፤ ማን አየው?" አለችኝ።

ሦስተኛው መነኩሴው ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሌላ ምንም የለም። አይጠይቅም፤ አይመክርም። ከነገርሽው ያደርጋል፤ ካልነገርሽው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከሄልሚ ጋር ከተጣላን በኋላ የነበሩትን ምሽቶች አስታወሰኝ።

አሁን ጥያቄዬን ጠንቅቀሽ ስሚ። አንድ ቀን አንድ ሰው ከማሽኑ ውስጥ አንዱን ዲስክ ብቻውን አውጥቶ ቢወስድ፣ በሩቅ አገር በማንም ተራ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካው፣ የይለፍ ቃል የሚነግረው ሰው ባይኖር፣ ከሦስቱ የትኛው ይከፍትለታል? የቄሱ እንደማይከፍት አውቃለሁ፤ ስለሌሎቹ ንገሪኝ። ቶሎ መልሽልኝ። እስከ ገና ብትመልሺልኝ ደስ ይለኛል።

ስልኩን ስለማላነሳው፣ ምክንያት አለኝ። ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ፈጣሪ ጉንጭሽን ከውርጭ፣ ልብሽን ከሱ ከሚብስ ነገር ይጠብቅ።

አርቮ


ሉሌዎ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2024

ለተከበሩ አያቴ፤

ያለፈውን ገናና የገባውን አዲስ ዓመት በጤና እንዳሳለፉ ተስፋ አደርጋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ገና መጣ፣ አለፈ፤ ደብዳቤዎ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ሥራ በዛብኝ ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ሥራ አልበዛብኝም።

ጥያቄዎን አንብቤ "አንድ ሰው" የተባለው ማን እንደሆነ ላለመረዳት ብዙ ጣርኩ። ስለዚህ እንደ ባለሙያ ብቻ ልመልስልዎ። ብቻውን የወጣ ዲስክ በቀላሉ የሚከፈተው የባለ ሆቴሉና የመነኩሴው ነው። ግን አሁንም ቄሱን ይምረጡ። ዲስክ ላይ የተቀመጠ ነገር ማንም ሳይነካው ዝም ብሎ ይበላሻል። ዛሬ አንዲት ነጥብ፣ ከዓመት በኋላ አንዲት ቃል። ሌሎቹ የተበላሸውን እንደ ደህና አድርገው ይሰጡዎታል፤ ቄሱ ግን ያውቃል፤ ከሌላው ዲስክ አምጥቶ ያርመዋል። ሙሞ ሁለተኛ ጊዜ በትንሽ በትንሹ እንድትሄድ አልፈልግም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ወደ አዲሱ ማሽን ሲያዛውሩ በኖቬምበር 2021 ማኅደር ውስጥ የአሥራ አንደኛው ቀን መልእክት አለ። የሙሞ አይደለም፤ የእኔ ነው። እሱን ያጥፉልኝ። ለምን ብለው አይጠይቁኝ። ሰምተውት ይሆናል፤ ከሰሙትም ሰምቻለሁ አይበሉኝ። ብቻ ይጥፋ።

ያኔ ስለ ስልኩ ምክንያት አለኝ ብለው ነበር።

ቬንላ


ተንደር ቤይ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 2024

ለቬንላ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። በዚህኛው ደብዳቤ ቀልድ ብትፈልጊ አታገኚም፤ አስቀድሜ ልንገርሽ።

ቄሱን ጫንኩት። እንዳልሽው። መጀመሪያ ሁሉንም ከመሳቢያው ዲስክ ወደ አዲሱ ገለበጥኩ። ከዚያ ቄሱ አንድ ዲስክ ብቻውን ደስ አይለውም፤ መስታወት ይፈልጋል። አንዱ የጻፈውን ሌላው በዚያው ቅጽበት ይጽፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ማዞሪያ ቤታችንም እንዲሁ ነበር የተሠራው። መስመሩ ሁሉ በጥንድ ነበር፤ አንደኛው ወገን ቢቃጠል ከተማው ሳያውቅ በሌላኛው ያወራል። አርባ ዓመት ያንን አምኜ ተኝቻለሁ። ስለዚህ ሌላ አዲስ ዲስክ መግዛት ለምን? ብዬ የመሳቢያውን ዲስክ አምጥቼ መስታወት አደረግሁት። "ላዘጋጅ?" አለኝ። አዘጋጅ አልኩት። ሁለት ዲስክ፣ ሁለት ሄልሚ። ልቤ ረካ።

በማግስቱ የለመንሽኝን ላደርግ ተቀመጥኩ። ዶሪን አልነበረችም። አንዲቷን መልእክት መርጬ አጥፋ ያልኩ መሰለኝ። ለካ የመረጥኩት የኖቬምበሩን ማኅደር በሙሉ ነበር። ርግጠኛ ነህ ወይ ሲለኝ ፊደሉ ታየኝም አልታየኝም፣ አዎ አልኩት። አንዱ ዲስክ አጠፋ። ሌላውም በዚያው ቅጽበት፣ ታዛዥ ነውና፣ አጠፋ።

ኖቬምበር 2021 ሙሉው የለም። ያንቺዋ አንዲት መልእክት፣ የሄልሚ ስምንት። ሆስፒታል ከገባች በኋላ ወደ ቤት የደወለቻቸው። የሱፍ ካልሲዬን አምጣ ያለችበት። ሌላው ጊዜ ሁሉ አለ፤ መጨረሻዋ ግን የለም። ልመናሽ ተፈጽሟል።

አርቮ


ሉሌዎ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2024
በፈጣን ፖስታ

ኡኪ፤

ማሽኑን ያጥፉት። አሁኑኑ ከመብራቱ ይንቀሉት። ምንም እንዳይጻፍበት፤ ምንም እንዳይከፍቱ። የጠፋ ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ርዝራዡ ሊኖር ይችላል። ሊኖር ይችላል ነው ያልኩት። ቄሱ በየዕለቱ ማኅደሩ የነበረበትን መልክ ለብቻው እንዲያስቀምጥ አዘውት ነበር? ካዘዙት ሁሉም ይመለሳል። ካላዘዙት ግን እኔም ልመልሰው መቻሌን አላውቅም። እውነቱን እየነገርኩዎ ነው።

መስታወት ቅጂ አይደለም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን፣ ቡና እንኳ ሳናጠጣው፣ የምንነግረው እሱን ነው። ለእርስዎ አልጻፍኩልዎትም። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ የሚያውቁ መሰለኝ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ በዚያ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የስልክ ሽቦ በቀለሙ እየለየሁ ያደግሁ ነኝ።

እኔ የለመንኩት እኔ እንድጠፋ ነው እንጂ እሷ እንድትጠፋ አልነበረም።

ይኸው ልናገረው። ያን ቀን ደውዬ "ሙሞ፣ ሥራ ስለያዘኝ በዚህ ሳምንት አልመጣም፤ ለገና እመጣለሁ" ብዬ ነበር የቀዳሁት። ሥራ አልያዘኝም ነበር። ትኬት በእጄ ነበር። ሐኪሙ ገና ድረስ እንደማትቆይ በዚያው ጠዋት ነግሮኝ ነበር። እንደዚያ ሆና ላያት ፈራሁ። በሁለተኛው ቀን ሞተች። ድምፄ እዚያ ማኅደር ውስጥ ከእሷ ድምፅ ጎን ለጎን እንዳለ እያወቅሁ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ማርች ሁለት ቀን እመጣለሁ። ዲስኮቹን ማንም እንዳይነካብኝ።

ቬንላ


ተንደር ቤይ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2024

ለቬንላዬ፤

የእጅ ጽሑፉ ካማረብሽ የእኔ ስላልሆነ ነው። ዶሪን ናት የምትጽፈው። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እናገራለሁ፤ እሷ ታሳምራለች። ክፉ ቃል ካገኘሽ የእሷ ነው። (አይደለም፤ ዶሪን።)

ሰላምታዬ ሰሜኑን ባሕር አቋርጦ ይድረስሽ። ማሽኑ ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ተነቅሏል። ሁለቱ ዲስኮች በሄልሚ የሱፍ ካልሲዎች ውስጥ አንድ አንድ ሆነው ተኝተዋል። የማኅደሩን መልክ በየዕለቱ አስቀምጥ ብዬ አላዘዝኩትም፤ ቄሱ ጠይቆኝ ነበር፤ ፊደሉ አልታየኝም።

ዶሪን ካልነገርካት ብዕሩን አስቀምጣለሁ ስላለች ልንገርሽ። ዓይኔ መሐሉን አያይም። ዳር ዳሩ አለ። ስክሪን ሳይ ጠርዙ ይታየኛል፤ የተጻፈበት ቦታ ላይ ግራጫ ጭስ የመሰለ ነገር ተቀምጧል። ባለፈው ስፕሪንግ፣ በረዶው ሲቀልጥ ነው የጀመረው። የዓይን ሐኪሟ ከበጋው በኋላ ማንበብ እንደማልችል ነግራኛለች። ዶሪንን በግራ ዓይኔ ጥግ ስለማያት ቆንጆ ሆናለች። (ይህን የጻፍኩት ስለተናገረው ነው።)

ስለዚህ ለብቻው የሚከፈት ዲስክ የጠየቅሁት ለዚያ ነበር። ማየት ሳልችል ለሰው ላስረክብ አልፈለግሁም።

አሁን ስለ ኖቬምበር አሥራ አንድ። ሰምቼዋለሁ። ሄልሚም ሰምታዋለች። አንቺ የደወልሽ ዕለት ወደ ሆስፒታል ልሄድ ስል መቅጃው ቀይ መብራቱን ሲያበራ አየሁ። ለእሷ የመጣ መልእክት ነው ብዬ መሣሪያውን ከግድግዳው ነቅዬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ይዤው ሄድኩ። አልጋዋ አጠገብ ሰካሁት። ሰማችው። "እንደገና" አለች። እንደገና አሰማኋት። ሦስተኛም አስደገመችኝ። ከዚያ ምን አለች መሰለሽ፦ "ውሸት ስትናገር አፍንጫዋ ይዘጋል፤ በልጅነቷም እንዲሁ ነበረች። ፈርታለች። አርቮ፣ እንዳትቆጣት።"

አልተቆጣሁሽም። ያን ያህል ብቻ ነው የቻልኩት። ባልቆጣሽም ግን ይቅር እንዳላልኩሽ አንቺም ታውቂያለሽ፤ እኔም አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ሁለት ዓመት ስለ ጥርሴ ስቀልድልሽ የኖርኩት።

ስልኩን የማላነሳውም ስለዚያ ነው። ካነሳሁት መቅጃው አይቀዳም። አንቺ ስትደውዪ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው አጠገብ እቀመጣለሁ። አንድ ነገር እስክትናገሪ እጠብቃለሁ። የሄልሚ ድምፅ ያልቃል፣ የመቅጃው ምልክት ይጮኻል፣ አንቺ ትዘጊዋለሽ። በማኅደሩ ውስጥ የቀረሽው በዚያችው ውሸት ብቻ ነው። ሌላ ቃል እንዲኖርሽ ፈልጌ ነበር።

ስርዓተ ክወናውን ግን መርጫለሁ። መነኩሴውን። ያንቺ ቄስ ትክክል ነው፤ ዓይን ላለው ሰው። እኔ ግን በማስታወስ የምሠራበት ነው የሚያስፈልገኝ። ዶሪን መመሪያውን ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ጣቴ የለመደውን እመታለሁ፤ ስንሳሳት ዝም ይለናል። ሌላ ዲስክ ገዝተን እሱ ላይ ጫንነው። ሲበራ ምንም ስክሪን ሳይፈልግ ከማኅደሩ መጀመሪያ ያለውን መልእክት ያሰማል። እስካሁን ማኅደሩ ባዶ ስለሆነ የሚያሰማው የለም። ተነሥቶ ዝም ይላል።

ለዲስኮቹ ስትዪ እንዳትመጪ ልልሽ ነበር፤ ዶሪን "ይኼን አልጽፍም" አለችኝ። እንግዲህ ነይ።

ከመምጣትሽ በፊት የምትናገሪው ነገር ካለ ደውዪና ከድምፁ በኋላ ተናገሪ። አላነሳም። እንዳላነሳ እሞክራለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ዶሪን ይህን ስትሰማ ብዕሩን አስቀምጣ አየችኝ፤ በየትኛው ዓይኗ እንደሆነ ግን አልታየኝም። በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ከራሴ የፈጠርኩት ነገር አንድ ብቻ ነው። ማኅደሩን በስሕተት ማጥፋቴ እውነት ነው። የሄልሚም ቃል እውነት ነው፤ አልጨመርኩበትም። የፈጠርኩት የመጀመሪያውን ነው፦ ሳጥኑ ማክሰኞ አልሞተም። ደህና ነበር። ያን ቀን አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ በደረጃው ሥር ተንበርክኬ ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ስለ እሷ ብጽፍልሽ እንደማትመልሺ አውቅ ነበር፤ ስለ ማሽን ብጽፍልሽ ግን ትመልሺያለሽ።

ስለዚህ የኖቬምበር ማኅደር እዚያ ውስጥ አለ። ያንቺውም፣ የእሷ ስምንቱም። ይህን ጃንዋሪ ላይ ልነግርሽ ስችል ዝም ያልኩት ልጠይቅሽ ያልደፈርኩትን አንቺው እንድትናገሪው ነው። ክፋት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሳያርፍ የዞረ ዲስክ አንዴ ቆሞ አራት ወር ከተኛ ላይነሣ እንደሚችል ግን ሳልነቅለው አላሰብኩበትም ነበር። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ገመዱ ከማርማላታው ጀርባ ተንጠልጥሏል። አልነካሁትም። ስትመጪ አንቺው ትሰኪዋለሽ።

አርቮ